ለልጃችን ማን ይንገረው?

የይፋት ቆላ ወላጅ ልጁን ከብዙ ነገር ያስጠነቅቃል። በደጋው በኩል ደመና ሲጠቁር «ወንዙን እንዳትሻገር፣ ደራሽ ይወስድሃል» ይለዋል። «አገዳ ክምር ውስጥ እጅህን አትክተት፣ እባብ አለ» ይለዋል። ሲመሽ አጎበር ውስጥ ያስገባዋል፤ የሸዋ ሮቢትን ወባ የማያውቅ የለምና። የደሴ መንገድ ዳር ሲደርሱ እጁን ይይዘዋል። ከባድ መኪና ቀንም ሌትም የሚያልፍበት መንገድ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ያው ወላጅ ዝም ይላል። የወንዱ ልጅ ድምፅ ሲጎረንን፣ የሴቷ ልጅ ጡት ሲያጎጠጉጥ፣ ያን ሁሉ ሲመክር የኖረ አፍ ይዘጋል። ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ አባለዘር በሽታ ቤት ውስጥ አይወራም። ልጅ ከጠየቀ «ዝም በል፣ ባለጌ!» ይባላል። ልጁም ሁለተኛ አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነው።

እኛ ፊደል ልናስቆጥር ወደ ገጠር የወጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ነገር ስናነሳ ክፍሉ ጸጥ ይላል። እናቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። አባቶች በበሩ አሻግረው ውጭ ውጭውን ያያሉ። ቆየት ብለው አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ በኛ አገር ነውር ነው» ይላሉ። ነውር መባሉን እኛም እናውቃለን። ያደግነው እንደናንተው ባለ ቤት ነው።

ግን እስቲ እንጠይቅ። ድሮስ ይህ ነገር ጭራሽ አይነገርም ነበር? ይነገር ነበር እንጂ! የሚነገርበት ጊዜ ነበረው፤ ተናጋሪም ነበረው። ልጅቱ ስትዳር አክስቷ ወይም አንዲት አሮጊት ወደ ጓዳ ወስደው በጆሮዋ ያንሾካሹኩላት ነበር። ሙሽራውን ደግሞ አንደኛ ሚዜው ይመክረው ነበር። ማለት፣ ምክሩ የሠርግ ምክር ነበር።

ሠርጉ ደግሞ ቶሎ ይመጣ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በገጠር ከዚያም በታች ትዳር ነበር። ስለዚህ ብዙዋ ልጅ የመጀመሪያውን የወር አበባ ያየችው በሰው ቤት ነው። የነገራት የባሏ እናት ናት፤ ወይም የደረሰባት ነገር ራሱ ነው። እኛ ይህን ደግ ዘመን ነበር አንልም። ብዙ ልጅ ተጎድቶበታል። ነገር ግን የመንገሩ ሥራ ባለቤት ነበረው።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርገውታል። ልጅቱም ትምህርት ቤት ገብታለች።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላው። አንዲት ልጅ የወር አበባ በ13 ዓመቷ አየች እንበል። የምትዳረው ከ18 ዓመቷ በኋላ ነው። ከ18 ላይ 13 ሲቀነስ 5 ይቀራል። አምስት ዓመት ሙሉ ሰውነቷ ለመውለድ ደርሷል፤ እሷ ግን ገና ተማሪ ናት። ወንዱ ልጅማ በ14 ዓመቱ ጎርምሶ በ24 ዓመቱ ቢያገባ 10 ዓመት ይሆናል። የአክስትና የሚዜ ምክር ከሠርጉ ጋር ወደኋላ ሄደ። በዚህ መሐል ለተፈጠረው ባዶ ጊዜ ተናጋሪ አልተመደበም። ቤቱም እንደድሮው ዝም አለ።

ባዶ ቦታ ግን ባዶውን አይቀመጥም። ማሳ ሳይዘራ ቢቀር አረም ይበቅልበታል። ልጁ ማማ ላይ ወፍ ሲጠብቅ ከእኩዮቹ ይሰማል። እኩዮቹም የሰሙት ከሌላ እኩያ ነው። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ክፉ ሥዕል ይታያል፤ የሰውን ልጅ ክብርና ፍቅር የማያሳይ፣ ጉልበትን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ከገጠር ቀበሌ ወጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ያለ እናት ያለ አባት ያድራሉ። አጠገባቸው ሆቴል አለ፣ ሹፌር አለ፣ ረዳት አለ፣ «ዓረብ አገር እልክሻለሁ» የሚል ደላላ አለ። እነዚህ ሁሉ ለልጃችን ለመንገር አያፍሩም። የሚያፍረው ልጁን የሚወደው ሰው ብቻ ሆነ።

«ብንነግራቸው ማንቃት አይሆንብንም ወይ? የተኛውን መቀስቀስ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ የማይናቅ ሥጋት ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ተመርምረዋል። በዓለም የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ በዩኔስኮ በኩል፣ በ2010 ዓ.ም. ታትመው የወጡት ውጤቶች እንደሚያሳዩት በትክክል የተማሩ ልጆች ወሲብ ለመጀመር አይቸኩሉም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ይዘገያሉ። ደግሞስ የገበሬ ልጅ ምን ያልነቃው አለ? ኮርማ ጊደር ላይ ሲወጣ እያየ ነው ያደገው። በግ ስትወልድ እግር ይዞ የጎተተ ልጅ ነው። የማያውቀው ስለ ራሱ ሰውነትና ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ስላለበት ኃላፊነት ነው።

ነውሩ ከሃይማኖት የመጣ የሚመስላቸውም አሉ። ይፋት ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ የሚኖርበት አገር ነው። ሁለቱም ሃይማኖት በዚህ ነገር ዝም አላለም። ክርስቲያኗ በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ መቅደስ አትገባም። ሙስሊሟ በዚያ ጊዜ አትሰግድም፤ በረመዳን የፈታችውን ቀን በኋላ ቆጥራ ትጾማለች። ስለ ሕልመ ሌሊት ካህኑም ሼሁም ያስተምራሉ። ልጆች ይህን ሁሉ ያያሉ። «እማዬ ዛሬ ለምን ከደጀ ሰላም ቆመች? ለምን አልሰገደችም?» ብለው በሆዳቸው ይጠይቃሉ። መልሱን የነፈግናቸው እኛ ሰዎቹ ነን።

እሺ፣ ምን እንንገራቸው? ከወር አበባ እንጀምር። የሴት ልጅ ማሕፀን በየወሩ እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት ይሰናዳል። ውስጡ በስስ የደም ምንጣፍ ይሸፈናል። እርግዝና ካልመጣ ምንጣፉ አያስፈልግምና ይፈርሳል፤ ደም ሆኖ ይወጣል። የወር አበባ ማለት ይኸው ነው። ቁስል አይደለም። በሽታ አይደለም። ወንድ ነክቷት የመጣ አይደለም፤ በዚህ ተጠርጥራ የተገረፈች ልጅ መኖሯ ያሳዝናል። ብዙ ልጆች ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ያያሉ። በ9 ወይም በ10 ዓመት የምታይም አለች፤ በ15 የምታይም አለች። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። ደሙ የበዛ ይመስላል እንጂ በሙሉ ቢጠራቀም ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ነው። ሞዴስ መግዛት ካልተቻለ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁ በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከአልጋ ሥር ተደብቆ በእርጥቡ የሚቀመጥ ጨርቅ ለበሽታ ይዳርጋል። እዚህ ላይ ነውሩ ጨርቁን ከፀሐይ ደበቀው ማለት ነው። ለቆላ ሰው ፀሐይ ምን ያጣል?

ይህን ያልተነገራት ልጅ ደሙ ክፍል ውስጥ ሲመጣባት ትደነግጣለች። ቀሚሷ ሲነካ ወንዶቹ ይስቃሉ። በማግሥቱ ትቀራለች። በየወሩ ሦስት አራት ቀን እየቀረች በትምህርት ወደኋላ ትቀራለች። አባትየው «ልጄ ሰነፈች» ይላል። ስለዚህ ወንዶቹም ልጆች ይህን ማወቅ አለባቸው። የእኅታቸው ነገር መሆኑን የሚያውቅ ወንድ አይስቅም።

ወንዱን ልጅ ደግሞ አባቱ ይንገረው። ድምፁ ይጎረንናል፣ ብብቱና ጉያው ፀጉር ያወጣል፣ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ዘር ይፈስሰዋል። ይህ የጤና ምልክት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማስረገዝ እንደሚችል ይወቅ። «የመጀመሪያ ጊዜ አያስረግዝም» የሚባለው ሐሰት ነው። አንድ ቀንም ያስረግዛል። ሴቷም የመጀመሪያውን የወር አበባ ከማየቷ በፊት እንኳ ልታረግዝ ትችላለች፤ እንቁላሉ ከደሙ ቀድሞ ሊወጣ ይችላልና።

ስለ በሽታም አይደበቅ። ጨብጥና ቂጥኝ በመድኃኒት ይድናሉ፤ ተደብቀው ሲቆዩ ግን መሐን ያደርጋሉ፣ በፅንስም ላይ ይደርሳሉ። ኤች አይ ቪ እስከ አሁን አይድንም። ሆኖም መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ሠርቶ ይኖራል። መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ኮንዶም የሚባል መከላከያ መኖሩን፣ እርግዝናንም በሽታንም እንደሚከላከል ልጁ ይወቅ። «ይህን ከነገርኩት ፈቀድኩለት ማለት አይሆንም?» የሚል ወላጅ አለ። አይሆንም። «ቆይ፣ ዕድሜህ ይድረስ» ማለትና «እንዲህ ያለ መከላከያ አለ» ማለት በአንድ አፍ ይነገራል። ወንዝ አትሻገር ያልነው ልጅ ዋና ቢያውቅ አንከፋም።

አሁን ደግሞ ከባዱን ነገር እናንሳ። ገበሬ ጊደሩን ያውቃል። ያልደረሰች ጊደር ኮርማ ቢወጣባት ስትወልድ ትቸገራለች፤ አንዳንዴም ጥጃውም እሷም ይሞታሉ። ሰውን ከከብት ጋር ማወዳደራችን አይደለም። ግን ለጊደር የምናስበውን ያህል ለልጃችን እናስብ ለማለት ነው። የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ የዳሌ አጥንቷ ገና አልሰፋም። ምጥ ሲይዛት የሕፃኑ ራስ አያልፍም። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ታምጣለች። ራሱ በፊኛዋና በብልቷ መካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል። ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል። ሕፃኑም ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱ ከዚያ ወዲያ ሽንቷን መቋጠር አትችልም። ይህ በሽታ ፊስቱላ ይባላል። ባሏ ይሸሻታል። ገበያ አትወጣም፣ ለቅሶ አትደርስም። አንዳንዶች እርግማን ነው ይሏታል። እርግማን አይደለም፤ በቀዶ ጥገና የሚድን ቁስል ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአውስትራሊያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ አዲስ አበባ ላይ ለዚህ በሽታ ብቻ ሆስፒታል አቋቁመዋል። ካትሪን በ2012 ዓ.ም. እዚያው አዲስ አበባ እስካረፉ ድረስ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ሕክምናው በነፃ ነው።

ሌላም አለ። ልጅ ሊደፈር ይችላል፤ ሴትም ወንድም። ደፋሪው ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሚታመን ሰው። ስለዚህ ገና በአምስት በስድስት ዓመቱ «ልብስህ የሚሸፍነውን ቦታ ማንም እንዲነካህ አትፍቀድ፤ የነካህ ሰው ‹ለማንም አትናገር› ቢልህ ሮጠህ ለኔ ንገረኝ» ይባል። የብልቱን ስም የማያውቅ ልጅ የደረሰበትን ሊናገር አይችልም። በልጅ ላይ ይህ ከደረሰ አትምቱ፣ አትቆጡ፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ገላውንና ልብሱን ሳታጥቡ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው 72 ሰዓት ሳያልፍ፣ ማለት በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከተጀመረ ነው። ቢፈጥን ይሻላል። እርግዝና የሚከላከል መድኃኒትም አለ። ሽምግልና ተቀምጦ ካሳ ሲቆረጥ ሦስቱ ቀን ያልፋል! በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ ያመልጥ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቶታል። ልጅን ያለ ዕድሜዋ የሚያጋባም ይቀጣል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማውራት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ና፣ ዛሬ ስለ ወሲብ እነግርሃለሁ» ማለት ሁለቱንም ያሳፍራል። ጎን ለጎን ሆኖ ሥራ እየሠሩ ማውራት ይቀላል። እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን ለዓይን አይገጥምም፤ አፍ ይፈታል። ለምሳሌ እናትና ልጅ ማሾ ሲለቅሙ እናት እንዲህ ብትል ምን አለበት?

«እናትዬ፣ ጡትሽ ማበጥ ጀምሯል አይደል?»

«አዎ እማ… ያመኛል።»

«በሽታ አይደለም፤ እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር። ቆይቶ ደም ይመጣል። ሲመጣ እንዳትደነግጪ፣ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ። ጨርቅ አስቀምጬልሻለሁ።»

አለቀ። ለዚያ ቀን ይበቃል። በሌላ ቀን ሌላው ይከተላል። ወላጅ የማያውቀውን ሲጠየቅ «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ቢል ክብሩ አይቀንስም።

ለመጀመር ያስቸገረው ሰው በሌላ ሰው ታሪክ ይጀምር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይተላለፍ ነበር። 257 ክፍል ነበረው። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ትዳር ያወራል። ድራማ ያለው ጥቅም ይኸ ነው፤ ስለ ራስ ልጅ ሳያነሱ ስለ ድራማው ልጅ «ምነው ለእናቷ ብትነግራት ኖሮ» ይባባሉበታል። ያን ያለ ልጁ ይሰማዋል።

ብቻውን ያፈረ ወላጅ ደግሞ ከሌሎች ጋር ሲሆን ይደፍራል። በደቡብ አገራችን፣ በከምባታ፣ የሴት ልጅ ግርዛት በቤትም በደጅም የማይነሳ ነገር ነበር። የአገሩ ልጅ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ድርጅት አቋቁመው በ1990ዎቹ የማኅበረሰብ ውይይት የሚባል ሥራ ጀመሩ። ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ጎረምሶች፣ ልጃገረዶች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ሰባኪ የለም። ጥያቄ ይነሳል፤ ሁሉም ይናገራል፤ በሌላ ቀን ይቀጥላል። ከጊዜ በኋላ ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተሞሸረች፤ ብዙ ሕዝብ ታደመ። ሕግ ብቻውን ይህን አያመጣም ነበር።

በኛው ክልልም ምሳሌ አለ። በምዕራብ ጎጃም በይልማና ዴንሳ ወረዳ በሞሰቦ ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተሠርቶ ነበር። ወላጆች ልጃቸውን ሳይድሩ እስከ መጨረሻው ካቆዩ ፍየል ወይም በግ ይሰጣቸው ነበር። ልጃገረዶቹ በቡድን እየተሰበሰቡ ስለ ሰውነታቸው ይማሩ ነበር። ወላጆችና ጎረቤቶችም ተቀምጠው ይወያዩ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ጋብቻ በጣም ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ግን ቆይተው ተዳሩ። ሥራው ጋብቻውን ወደፊት ገፋው እንጂ ፈጽሞ አላስቀረውም ማለት ነው። ለኛ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ልጅ በ13 ዓመቷና በ17 ዓመቷ የምትወልደው ልዩነት አለው፤ ከላይ ስለ ዳሌ አጥንት ያወራነውን አስታውሱ።

ይፋት ለውይይት ቦታ አይቸገርም። የቡና ጎረቤት አለ፣ ዕድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ የዱዓ ስብሰባ አለ። ያልገባን ሲኖር ደግሞ ጤና ኬላ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየገጠር ቀበሌው የተመደቡት ሠራተኞች የአገሩ ልጆች የሆኑ ሴቶች ናቸው። ቤት ድረስ ይመጣሉ።

መጀመሪያ አጋጣሚ የሚፈልግ ወላጅ ካለ አንድ እንጠቁም። በ2011 ዓ.ም. የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ክትባት 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ተሰጥቷል። ካንሰሩን የሚያመጣው ተዋሲ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በወሲብ ነው። ክትባቱ የሚጠቅመውም ያ ከመጀመሩ በፊት ሲሰጥ ነው። ልጅቱ ክንዷን ተወግታ ወደ ቤት ስትመለስ «እማ፣ ይሄ ክትባት ለምንድን ነው?» ትላለች። ጀበናው ገና አልተጣደ ይሆናል፤ አባትየውም ከማሳ ገና አልገባ ይሆናል። እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። «ማሕፀን የሚባል ነገር በሆድሽ ውስጥ አለ» ብላ ትጀምርላት።